ቀብዱን ከመክፈልዎ በፊት መኪናውን ያስመዝኑ

«እኔና ባለቤቴ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። ሁለታችንም ጡረታ ወጥተናል፤ ልጆቻችን ራሳቸውን ችለዋል፣ ሦስት የልጅ ልጆችም አሉን። ባለቤቴ አገሩን መዞር የዘመናት ምኞቱ ነው። አሁን መኝታና ማብሰያ ያለው መኪና፣ ሞተርሆም የሚሉትን፣ ካልገዛሁ ብሏል። ደላላ አንድ አባዱላ ሚኒባስ አምጥቶልናል። ወንበሮቹ ወጥተው አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ የጋዝ ምድጃና ትንሽ መታጠቢያ ክፍል ገብቶለታል። ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ ጣሪያው ላይ ሮቶ ተጭኗል። ውስጡ እጅግ ያምራል። ጀርመን የሚኖረው ወንድሜ ደግሞ ከዚህ በፋብሪካ የተሠራውን ልላክላችሁ ይላል። ባለቤቴ እስከ ዛሬ የነዳው ቪትዝ ብቻ ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒትም ይወስዳል። ለገና ላሊበላ፣ ከዚያ ላንጋኖና አርባ ምንጭ እያለ ዕቅድ ያወጣል። ደላላው ቀብድ ካልሰጣችሁ ሌላ ገዢ ይወስደዋል እያለ ያጣድፈናል። ምን እናድርግ? እኔስ በዚህ ዕድሜዬ መንጃ ፈቃድ ላውጣ? ግ. ነኝ ከሰንጋ ተራ።»

ውድ እህቴ፣

ለደላላው ዛሬውኑ እንዲህ ይበሉት፦ መኪናው የምድር ሚዛን ላይ ሳይወጣ ቀብድ የለም። ሌላ ገዢ ይወስደዋል ቢልዎት ይውሰደው። ንጹሕ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ግማሽ ቀን ለማይፈጅ ሥራ እምቢ የሚልበት ምክንያት የለውም። እምቢ ካለ ደግሞ መልሱን ያለ አንዳች ወጪ አግኝታችኋል።

ከጻፉልኝ ነገር ሁሉ ያሳሰቡኝ ሁለቱ ናቸው፤ ወለሉ ላይ የተነጠፈው ሴራሚክና ጣሪያው ላይ የተጫነው ሮቶ። ይህን የሠራው ሰው እጁ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ሲሠራ ግን ያሰበው ቆሞ ስለሚኖር ቤት ነው። እናንተ የምትገዙት ዳገት የሚወጣ፣ ቁልቁለት የሚወርድ፣ የልጅ ልጆቻችሁን የሚያሳፍር መኪና ነው። ስለዚህ አልጋውንና መጋረጃውን ለጊዜው እንተዋቸውና ከሥር እንጀምር።

ማንኛውም ተሽከርካሪ ከፋብሪካ የሚወጣው ሊሸከመው የሚችለው ጠቅላላ ክብደት ተወስኖለት ነው። ቁጥሩ የመኪናውን የራሱን ክብደት፣ ተሳፋሪውን፣ ነዳጁንና ዕቃውን አንድ ላይ ይይዛል። ፍሬኑ፣ ባሌስትራው፣ ጎማውና መሪው የተሠሩት ለዚያ ልክ ነው። እስቲ ያያችሁትን መኪና በኩንታል እናስላው። ባለ 18 ሚሊ ሜትር አንድ ሙሉ ኤምዲኤፍ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ለአልጋው፣ ለቁም ሳጥኑና ለመታጠቢያው ግድግዳ ስምንት ያህል ገብቶ ከሆነ ከሦስት ኩንታል ያልፋል። ሴራሚክ ከነማጣበቂያው በካሬ ሜትር 20 ኪሎ ያህል ነው፤ አምስት ካሬ ሜትር ከተነጠፈ አንድ ኩንታል ሆነ። 200 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ ሁለት ኩንታል ነው፤ የውኃ አንዱ ሊትር አንድ ኪሎ ነውና። ሁለት ትልልቅ የአሲድ ባትሪዎች ካሉት ሌላ አንድ ኩንታል ይጨምሩ። ፍሪጁን፣ የጋዝ ሲሊንደሩን፣ ፍራሹን፣ ልብሱንና ስንቁን ገና አልቆጠርንም። የወጡት ወንበሮች ቢቀነሱ እንኳ ይህ መኪና ሰው ሳይሳፈርበት የመጫን አቅሙን ጨርሶ ሊሆን ይችላል።

ሲያስመዝኑት ታዲያ ባዶውን አይሁን። ነዳጁ ይሞላ፣ ውኃው ይሞላ፣ እርስዎና ባለቤትዎም ውስጥ ተቀመጡ። በመጀመሪያ ሙሉውን፣ ቀጥሎ የፊት እግሩን ብቻ፣ ከዚያ የኋላ እግሩን ብቻ ሚዛኑ ላይ አውጥታችሁ አስመዝኑ፤ ድምሩ ደህና ሆኖ ሁሉም ጭነት ኋላ ላይ የወደቀበት መኪና አለና። ውጤቱን አምራቹ በበሩ ምሰሶ ወይም በሞተሩ ክፍል ውስጥ በለጠፈው የብረት ሰሌዳ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አስተያዩት። ሰሌዳው ተነቅሎ ከሆነ ያ ራሱ መጥፎ ምልክት ነው። ክብደቱ ከልኩ በታች ሆኖ ለእናንተ፣ ለልጆቹና ለሻንጣችሁ ቢያንስ ሦስት ኩንታል ካልተረፈ አትግዙት።

ይህ ችግር በእኛ አገር ጋራዦች ብቻ የሚታይ አይደለም። ወንድምዎ ባሉበት አገር በተለመደው የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ የሚነዳው እስከ 3,500 ኪሎ ነው። ብዙዎቹ በፋብሪካ የተሠሩ ሞተርሆሞች ለዚያ ጣሪያ እጅግ ስለሚቀርቡ ውኃ፣ ብስክሌትና የአንድ ቤተሰብ ልብስ ሲገባባቸው ያልፉታል። ባለቤቶቹም አብዛኛውን ጊዜ ይህን የሚያውቁት ፖሊስ መንገድ ላይ አቁሞ ሲመዝናቸው ነው።

ሮቶውን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ ይውረድ። ሁለት ኩንታል ውኃ ከሁለት ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተጭኖ በመታጠፊያ ላይ መኪናውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ግማሽ ብቻ ሲሆን ደግሞ ይባስ ብሎ ወዲያና ወዲህ ይናጣል። በድንገት መሪ መጠምዘዝ ግድ ሲሆን፣ ፍየል ሲገባ ወይም ባጃጅ ሲታጠፍ፣ መኪና የሚገለበጠው በእንዲህ ያለ ጭነት ነው። በምትኩ ሁለት ሦስት ጀሪካን ወለሉ ላይ፣ ከአልጋው ሥር፣ በጠፍር ታስረው ይቀመጡ። ለሁለት ሰው ሁለት ቀን ይበቃል፤ በየከተማው ደግሞ ይሞላል።

ወደ ፍሬኑ ልምጣ። በዚህ ላይ እንድትቸኩሉ አልፈልግም። እኛ የምንኖረው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ወጥታችሁ ከሞላ ጎደል በየትኛውም አቅጣጫ ረጅም ጉዞ ብትሄዱ አንድ ቦታ ላይ ትወርዳላችሁ። ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ጀምሮ እስከ 1,300 ገደማ ይወርዳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ ያልቃል። 3,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና አንድ ሺህ ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል በሙሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ ከ10 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ አፍልቶ ጨርሶ ያተነዋል። ነፋሱና የጎማው ሰበቃ ድርሻቸውን ቢወስዱም የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ የፍሬኑ ሸራ። ሸራው ብቻውን ከያዘው ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያም ፔዳሉ እየተረገጠ መኪናው መቆም ያቅተዋል።

ባለቤትዎ ከቪትዝ ወደዚህ መኪና ሲሸጋገሩ ከሁሉ በፊት መልመድ ያለባቸው ይህንን ነው። ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን ይውረዱ። ማርሹ የሚቀየረው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት እንጂ መኪናው ከፈጠነ በኋላ አይደለም። ፍሬኑ ላይ እግር አሳርፎ ያለማቋረጥ ከመያዝ ይልቅ ጠንከር አድርጎ ረግጦ ፍጥነቱን ቀንሶ መልቀቅ፣ ሲፈጥን እንደገና። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ በዜሮ ማርሽ መውረድ ወይም ሞተር ማጥፋት በፍጹም አይደረግም፤ ሞተሩ ሲጠፋ የፍሬኑም የመሪውም አጋዥ አብሮ ይሄዳል። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ሰፊ ቦታ ፈልጎ መቆምና እስኪበርድ መጠበቅ ነው፤ ውኃ አይደፋበትም፣ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል። ስትገዙም ሻጩን የፍሬኑ ዘይት መቼ እንደተቀየረ ጠይቁት። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት እየሳበ በቀላሉ የሚፈላ ይሆናል፤ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ መቀየር አለበት። አላስታውስም ካለ ገዝታችሁ በመጀመሪያው ቀን አስቀይሩት።

የጎማው ጥርስ ደህና ቢመስል አትታለሉ። እንዲህ ያሉ መኪኖች ብዙ ጊዜ ቆመው ስለሚኖሩ ጎማው ሳያልቅ ያረጃል። ጎኑ ላይ ካሉት ጽሑፎች መካከል በአራት አኃዝ የሚያልቅ ኮድ አለ፤ 2319 የሚል ከሆነ በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ስድስት ሰባት ዓመት ካለፈው በቀጭኑ ከተሰነጣጠቀው ጎኑ ጀምሮ ሊፈነዳ ይችላልና ዋጋውን ከመኪናው ዋጋ ላይ አስቀንሱ። ስኮርቱንም እንዲሁ እዩ። ጎማው ለጭነት የተሠራ መሆን አለበት እንጂ የአውቶሞቢል መሆን የለበትም።

ሞተሩ ቱርቦ ከሌለው በአዲስ አበባ ከፍታ ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እጅ ያህሉን ያጣል፤ አየሩ ስስ ነውና። እንጦጦን ሲወጡ ከዚያም ይብሳል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሙከራውን ሜዳ ላይ አታድርጉት። ከለገሃር ተነስታችሁ ቸርችልን ወደ ፒያሳ ውጡ፤ ዳገቱ መሃል ላይ ቁሙና እንደገና ተነሱ። ፍሪሲዮኑ ከሸተተ፣ ጥቁር ጭስ ከተንቦለቦለ ወይም የሙቀት መለኪያው ከፍ ካለ የተሸከመው ነገር በዝቶበታል።

ከፍታው ከሞተሩ አልፎ ፍሪጁንም ይነካል። በጋዝ የሚሠሩት የሞተርሆም ፍሪጆች ከ1,700 ሜትር ገደማ በላይ ነበልባላቸው እየጠፋ እንደሚያስቸግር አምራቾቹ ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ፤ መኪናውም ዘንበል ብሎ ከቆመ አያቀዘቅዙም። ለእናንተ የሚሻለው በባትሪ የሚሠራ፣ ኮምፕሬሰር ያለው ትንሽ ፍሪጅ ነው። በናፍጣ የሚሠራ ማሞቂያ ካለውም ለከፍታ የሚስተካከል መሆኑን ጠይቁ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን አይታሰብ። ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይፈልጋል። ባለ 200 አምፒር ሰዓት የአሲድ ባትሪ ከነጭራሹ ሳይጎዳ ሊሰጥ የሚችለው ግማሹን ነው፤ ይህም ምጣዱን 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ያሠራል፣ ሽቦውንም ያግለዋል። እንጀራ ከቤት ይዞ መውጣት ወይም መንገድ ላይ መግዛት ነው። ባትሪው ለመብራት፣ ለስልክና ለፍሪጅ ከዋለ ጣሪያው ላይ አንድ ቀላል የፀሐይ ፓነል ይበቃዋል።

እህቴ፣ አሁን የምጽፈውን እባክዎ ለባለቤትዎ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡላቸው። ከሰል መኪናው ውስጥ አይገባም። ቡና ለማፍላት አይሁን፣ ዕጣን ለማጨስ አይሁን፣ ብርድ ነው ተብሎም አይሁን፤ በር ቢከፈትም፣ «ተቀጣጥሎ አልቋል» ቢባልም አይገባም። የከሰል ጭስ ሲያልቅ አደጋው አያልቅም። ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ፍሙ እስኪጠፋ ድረስ ይወጣል፤ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። አገራችን በየክረምቱ በዚህ ምክንያት ሰው ትቀብራለች። ቡናው ውጭ፣ ከመኪናው ራቅ ብሎ ይፈላ፤ ለቡናውም ቢሆን የሚያምረው እሱ ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ትንሽ ዕቃ ናት፤ ወንድምዎ ከጀርመን መላክ ከፈለጉ ሁለት እሷን ይላኩ።

የጋዝ ሲሊንደሩም ያስፈራኛል። የማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወደ ወለል ወርዶ ይጠራቀማል። ሲሊንደሩ ከመኝታው በተለየ ሳጥን ውስጥ መሆን፣ የሳጥኑም ወለል ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል። መኪናው ሲንቀሳቀስ ቫልቩ ይዘጋል። ሻጩ ሲሊንደሩን ቁም ሳጥን ውስጥ ደብቆት ከሆነ ያንን ሳታስለውጡ አንድ ሌሊት እንኳ አትደሩበት።

ልጆቹ አልጋው ላይ ተኝተን እንሂድ ማለታቸው አይቀርም። መኪናው ሲሄድ አልጋ ላይ ሰው አይኖርም። ወደ ጎን የዞረ ሶፋ ላይም አይቀመጡም፤ መኪና በድንገት ሲቆም ቀበቶ ቢኖረው እንኳ ያ አቀማመጥ ሰውን አያድንም። ፊቱን ወደ ፊት ያዞረ፣ ከወለሉ ብረት ጋር በብሎን የታሰረ፣ ቀበቶ ያለው ወንበር ስንት ነው? የምትሳፈሩት ያን ያህል ሰው ብቻ ነው። ሁለት ከሆነ የልጅ ልጆቹ ላንጋኖ በሌላ መኪና ይመጣሉ።

ስለ ውኃ መስረግ ጥቂት ልበል። ጣሪያው ለመስኮት፣ ለሮቶና ለአየር ማስወጫ ተበስቷል፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ የክረምት በር ነው። ወቅቱ በጋ ከሆነ ላቫጆ ወስዳችሁ ጣሪያውን ግማሽ ሰዓት ውኃ አስለቅቁበት። ከዚያ ውስጥ ገብታችሁ ማዕዘኖቹን በአውራ ጣት ተጫኑ፤ የለሰለሰ እንጨት፣ የነፋ ኤምዲኤፍ፣ የሻጋታ ሽታ ካለ ከጀርባው ያለው ላሜራ እየዛገ ነው። አዲስ ቀለምና አዲስ ልጣፍ በአንድ ጥግ ብቻ ከታየ እሱን ጥግ አስከፍቱት።

ወንድምዎ ልላክ ያሉት ከልባቸው እንደሆነ አልጠራጠርም። ነገር ግን መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ከዚያ በፊትም በወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ዕድሜው በገፋ ቁጥር ታክሱ ይከብዳል። የጉምሩክ ኮሚሽን በጽሑፍ መልስ ሳይሰጥ አንድ ዩሮ እንዳያወጡ ይንገሯቸው። ቢገባስ? አብዛኞቹ የአውሮፓ ሞተርሆሞች የሚሠሩት በፊያት ዱካቶ ላይ ነው። የሚኒባሳችሁ መለዋወጫ ሶማሌ ተራም በየክፍለ ሀገሩ ከተማም ይገኛል፤ የዱካቶው ግን ከዚያው ከአውሮፓ እስኪመጣ መኪናው ቆሞ ይጠብቃል። አዳዲሶቹ ደግሞ ንጹሕ ናፍጣና ለጭስ ማጣሪያቸው የሚጨመር ልዩ ፈሳሽ ይፈልጋሉ። ወንድምዎ ሊያግዟችሁ ከፈለጉ ሌላ የተሻለ መንገድ አለ። ጀርመን ልትጠይቋቸው ስትሄዱ ለአንድ ሳምንት ሞተርሆም ይከራዩላችሁና አብራችሁ ተጓዙበት። ጠባብ ቦታ ውስጥ ሁለት ሰው እንዴት እንደሚያድር፣ ምን ዕቃ ትርፍ እንደሆነ፣ ምን እንደጎደለ በአንድ ሳምንት ውስጥ ግልጽ ይሆናል።

የወረቀቱ ነገር ብዙ አያስቆየንም። ሊብሬው ላይ ያለው ስም የሻጩ ይሁን፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ይመሳከር፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ከአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን ቅርንጫፍ ይረጋገጥ። በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት የአካል ለውጥ የተደረገበት መኪና ለውጡ መመዝገብ አለበት። ሊብሬው ዛሬም የሕዝብ ማመላለሻ ሚኒባስ የሚል ከሆነ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ ይያዛል፤ አደጋ ቢደርስም ኢንሹራንሱ የተዋዋልኩት ለዚህ መኪና አይደለም ሊል ይችላል። ሰሌዳው የንግድ ከሆነ ወደ ግል መዞር አለበት። የባለቤትዎ መንጃ ፈቃድ የአውቶሞቢል ነውና ሊብሬው ላይ ለተጻፈው የመኪና ዓይነት የሚያገለግል መሆኑን በዚያው ቢሮ ጠይቁ። ይህን ሁሉ ሻጩ በራሱ ወጪ ጨርሶ ቢያቀርብ ነው የሚሻለው፤ ውሉም ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርቦ ይፈረም።

የት ሊያድር ነው? ይህን ከመግዛታችሁ በፊት መልሱ። የኮንዶሚኒየም ግቢ የጋራ ነው፤ ትልቅ መኪና ሁልጊዜ ሲቆምበት ጎረቤት ቅር ይለዋልና የነዋሪዎቹን ማኅበር አስቀድማችሁ አነጋግሩ። መኪናውን በሜትር ለኩት፤ ቁመቱን ከነጣሪያ ዕቃው፣ ስፋቱን ከነስፖኪዮው። ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ሾፌሩ ፊት ለጥፉት። በመስቀል አደባባይ ሥር ወዳለው ማቆሚያም ሆነ ወደ ሕንፃዎች ምድር ቤት ስትገቡ በሩ ላይ የተጻፈውን ከፍታ ከዚያ ጋር ታስተያዩታላችሁ። በየሰፈሩ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ ሽቦና የዛፍ ቅርንጫፍም አለ።

ባለቤትዎ ልምምዱን እሑድ ማለዳ መንገዱ ሳይጨናነቅ ይጀምሩ። ከሰንጋ ተራ ወደ ሜክሲኮ፣ ከዚያ በስታዲየም አድርገው መስቀል አደባባይ፣ ወደ አራት ኪሎ፣ ከዚያ በፒያሳ ቸርችልን ወርደው ወደ ቤት። በቸርችል ቁልቁለት የሞተር ብሬክን፣ ማለትም ቀደም ሲል ያልነውን በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ፣ ይለማመዱ። ረጅም መኪና ሲታጠፍ የኋላ ጎማው ወደ ውስጥ ይቆርጣል፤ በኮሪደር ልማቱ የተሠራው የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ከፍ ያለ ስለሆነ ጎማውን ጎኑን ይቀደዋል፣ ከሁሉ በላይ ግን እዚያ ላይ ሰው ቆሟል። ከኋላ ጎማው አልፎ የወጣው የመኪናው ጅራት ደግሞ በተቃራኒው ወደ ውጭ ይወረወራል። ወደ ኋላ ሲሄዱ እርስዎ ወርደው፣ በስፖኪዮው በሚታዩበት ቦታ ቆመው ይምሯቸው። እሳቸው እርስዎን ካላዩ መኪናውን ያቁሙ፤ ይህን ሕግ ሁለታችሁም ተማማሉበት።

ላሊበላን ለዚህ ገና ተዉት። መንገዱ ረጅም ነው፣ ቁልቁለቱ ለጀማሪ አይሆንም፣ የሰላሙም ሁኔታ የሚለዋወጥ ስለሆነ በአውሮፕላን ሄዳችሁ በዓሉን አክብሩ። የመጀመሪያዋ አዳር ቢሾፍቱ ትሁን፤ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አንድ ነገር ቢጎድል ቤታችሁ ቅርብ ነው። ቀጥሎ ላንጋኖ። በፍጥነት መንገዱ ወደ አዳማ የምትሄዱበት ቀን ከመጣ ሸንተረሩ ላይ የቆሙትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ታያላችሁ፤ እዚያ የተተከሉት ነፋሱ ብርቱ ስለሆነ ነው፣ ቁመተ ረጅም መኪናም ከጎን ሲመታው ከመስመሩ ይገፋል። ሁለት እጅ መሪው ላይ፣ ፍጥነቱ ከ80 ያልበለጠ ይሁን። አርባ ምንጭን ከዚያ በኋላ ታስቡበታላችሁ። በየትም ብትሄዱ ሳይመሽ ግቡ፤ በጨለማ መብራት የሌለው ጋሪና ከብት አለ። አዳራችሁም ጥበቃ ባለው የሆቴል ወይም የሎጅ ግቢ ውስጥ ይሁን፤ ለቦታው ከፍላችሁ መጸዳጃቸውን ብትጠቀሙ መኪናው ውስጥ የገባው መታጠቢያ ክፍል ራሱ እንደማያስፈልግ ታያላችሁ። የእኔ ምርጫ እንዲያውም ይህን መኪና ትታችሁ ጤነኛ ሚኒባስ ገዝታችሁ ተጣጣፊ አልጋ፣ ሁለት ሳጥንና ትንሽ ፍሪጅ ብቻ ብታስገቡበት ነው። ቀለል ያለ ይሆናል፣ ሲያስፈልግ ወንበሩ ተመልሶ ይገባል፣ ለመሸጥም አይቸግርም።

ስለ መንጃ ፈቃዱ፦ አዎ፣ ያውጡ። ባለቤትዎ የደም ግፊት አለባቸው፤ ላንጋኖ ላይ አንድ ማለዳ ራሳቸውን ቢያዞራቸው መሪውን የሚይዘው ማን ነው? በአካባቢው ሾፌር እስኪፈለግ ድረስ ሐኪም ቤት ሳይደርሱ ሰዓታት ሊያልፉ ይችላሉ። ዕድሜ አይከለክልም፤ የሚጠየቀው የዓይንና የጤና ምርመራ ነው። መኪናው እስኪመዘን፣ ወረቀቱ እስኪስተካከል፣ ሮቶው እስኪወርድ ድረስ ጊዜ አለ፤ በዚያ ጊዜ ማሠልጠኛ ይመዝገቡ። ፈቃዱን እንዳገኙ እሑድ ማለዳ በዚያው መስመር ላይ በየተራ ንዱ፤ አንድ ሳምንት እርስዎ፣ አንድ ሳምንት እሳቸው። ወደ ቢሾፍቱ ስትሄዱም መሄጃውን እሳቸው ከነዱ መመለሻውን እርስዎ ይንዱ።